ከቆርቆሮው በታች

በሺሎንግ ዝናብ ወቅት አይደለም፤ ጎረቤት ነው፣ ያውም ባለጌ፣
ሳያንኳኳ ይገባል፣ ያስነጥሳል ከራስጌ፣
አራት ወር ይቀመጣል፤ እንግዳ ነው ብለን ዝም።
ያን ጊዜ እኛ አራት ነበርን፤ ከጩኸት በቀር የለን ምንም።

የኪትቦክ አባት ጋራዥ፣ የጎማና የዘይት ሽታ፣
ላዩ ቆርቆሮ፣ ሥሩ ጭቃ፣ ከቀትር እስከ ማታ።
እኔ ቤዝ ይዤ ጥግ ላይ፣ ሻንቦር ከድራሙ ታጥሮ፣
ኢባንሪ ማይኩን ታንቃለች፣ ድምጿ እንደ ክብሪት ተጭሮ፤
«እንጀምር» ስንባባል፣ ይጀምራል ቆርቆሮ።

ጠጠር እንደሚገለብጥ መኪና፣ ዝናቡ ጣራ ላይ ሲወርድ፣
ኪትቦክ ማጉያውን ይጨምራል፣ ሽቦው እስኪነድ።
እሱ ሲጮህ እኛ ስንጮህ፣ እሱ ሲብስ እኛ ስንብስ፣
ሮክ ማለት ይህ መሰለን፦ ከሰማይ ጋር መካሰስ።

ስማችንም ከዚያው ወጣ፤ «ቆርቆሮ» ተባልን፣ በቃ።
ጎረቤት ኮንግ ቴሪሲያ፣ በማማሰያ ግድግዳ ደቅድቃ፦
«የመስኮቴን መስታወት ሰነጠቃችሁት በጩኸት!
ሰማንያ ሩፒ ክፈሉ፣ ወይ ዝም በሉ እንደ ሬሳ ቤት!»
ዕዳውን በጠመኔ በሯ ላይ ጻፈችው፤
ማለፊያ ማስታወቂያ ሆነን፣ ሰፈሩ ሁሉ አነበበው።

አንዴማ በጭነት መኪና ጀርባ፣ በፖሊስ ባዛር አደባባይ፣
መብራት ጠፋ፣ እኛ ዝም፤ ሕዝቡ ግን ቀጠለ፣ እስከ ሰማይ።
ሦስተኛውን ስንኝ እኔ ራሴ አላውቀውም፤ እነሱ ያውቁታል፤
ሰው ምንም ሳይጠጣ፣ እንዲያ ከመሬት ይነሣል?

ሻንቦር ከባንክ ፈተና ቀረ፤ እናቱ ወር አኮረፈች።
ኢባንሪ ፀጉሯን በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠች፤
የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ከዝርዝር ሰረዟት፣
እሁድ ግን ከመስኮቱ ውጭ፣ ጃንጥላ ይዛ፣
ሁለተኛውን ድምፅ ስታዜም ሰማኋት።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ ከኮልካታ፣ ከስቱዲዮ።
«ሁለት ቀን፣ በነፃ፣ ኑ።» የኪትቦክ አባት፦ «ወዮ!»
ክሪኩን ሸጦ ግን የባቡሩን ከፈለልን፤
ሌሊቱን ሙሉ ሄድን፣ በጊታር ሣጥን ተደግፈን።

ግድግዳው ስፖንጅ፣ በሩ እንደ ካዝና ወፍራም፤
ሲዘጋ የራሴን ደም ሰማሁ፤ ሌላ ድምፅ የለም።
«ጀምሩ» አለ ሰውየው።
ጀመርን።
አቆምን።
እንደገና።
ምንድን ነው የጎደለው?
ሻንቦር አንጋጦ ጣራ ያያል፤ ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው።

ለካ እሱ ነበር ምት የሚይዝ፣ ስሕተት የሚሸፍን፣
ለካ አምስት ነበርን፤ አንዱን አገር ቤት ጥለን
ራቁታችንን ቆመናል፦ እኔ ሁሌ ግማሽ ምት ዘግይቼ፣
የኪትቦክ ክር ረግቦ… «ስድስት ዓመት እንዲህ ነበርን?»
አለች ኢባንሪ። አላየኋትም፤ አንገቴን ደፍቼ።

ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሻይ አስመጣ፣ ካሴቱንም ላከልን፤
ኪትቦክ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ማናችንም አልከፈትን።

አልተጣላንም። ጠብ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል።
ሻንቦር ፈተናውን አለፈ፤ የሰው ብር ይቆጥራል።
ኢባንሪ ባንጋሎር ገባች፤ በበዓል ትደውላለች፣
ስለ ልጇ ጥርስ ታወራለች።
ማጉያውን ሥጋ ሻጩ ገዛው፤ ዋጋ ይጠራበታል፦
«ጉበት! የዛሬ ጉበት!»፤ ያ የኛ ስንጥቅ ድምፅ ይሰማል።

እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ ጥቁርና ቢጫ።
ባለፈው ሐሙስ ኮንግ ቴሪሲያ፣ ከገበያ መውጫ፣
በከዘራዋ አስቆመችኝ፤ ገብታ መስኮቱን ዳሰሰች፣
«ይሄስ ደኅና ነው?» ብላ፣ መንገዱን ሙሉ ዝም አለች።
ሒሳቡ ስልሳ ሩፒ። ወረደች፤ ሳትከፍል፣ ቀስ ብላ፣
«ሃያ ይቀርብሃል» አለችኝ፣ ወደ ኋላ ዞር ብላ።

ሳቄን ሳልጨርስ ዝናቡ መጣ፣ ጠጠሩን ይዞ፣ ተቆጥቶ።
የታክሲም ጣራ ቆርቆሮ ነው።
እግሬ ተነሣ፤
ግማሽ ምት ዘግይቶ።