ማስረሻ

ከታቦር ተራራ ሥር፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣
ወሳኝ ኩነት ይባላል የኔ ወንበር ያለበት።
ልደት በግራው መዝገብ፣ ሞት በቀኙ ይጻፋል፤
ሁለቱም እየተራ በአንድ እስክሪብቶ ያልፋል።
የሐይቁ ንፋስ ሲገባ ወረቀት ሊያገላብጥ፣
ማኅተሙን እጭንበታለሁ፣ ስም በመስኮት እንዳያመልጥ።

ስምም እንደ ቆሮሶ የራሱ ወቅት አለው፤
ዘንድሮ መረብ የሞላው ለከርሞ ብርቅ ነው።
አምና ሶልያና ነበረች በሳምንት ሦስቴ የመጣች፤
ዘንድሮ ደግሞ ኤልዳና ከሰልፉ ገፍታ አስወጣች።
አሜን የሚባል ወንድ ልጅ በአንድ ቀን አራት ጽፌ፣
«ጸሎቱስ የት ሄደ?» ብዬ ሳቅኩ ግድግዳ ተደግፌ።
የኔን ስም ግን የሚያስጽፍ
ሰባት ዓመት ሞላው በዚህ በር ሳያልፍ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም።
አራተኛ ክፍል ሳለን፣
ረጅሙ ማስረሻ፣ ግራኙ ማስረሻ፣ እኔ የመረብ ሰፊዋ ልጅ፤
አንድ ስም ሲጠራ ሦስት «አቤት»፣ ሦስት የተዘረጋ እጅ።
ሦስት ነበርን በቆጠራ፣
ከስማችን ሥር የተኙትን ሦስቱን ማንም ሳይጠራ።

የአማርኛ መምህራችን ጋሽ ዘውገ ጠመኔ አንሥተው
«ማስረሻ» ብለው ጻፉ፣ ሰሌዳው ላይ አጉልተው።
«የመሣሪያ ስም ነው፤ እንደ መክፈቻ፣ እንደ መጥረጊያ፣
ለእናት የተሰጠ የሐዘን መሸሸጊያ።»
ከዚያ በአውራ ጣታቸው «ስ»ን ጠረጉና፣
ማረሻ ሆኜ ቀረሁ፣
የተዳፈነ አፈር የምገለብጥ እንደገና።

ይልማን አላውቀውም። ሰባት ዓመቱ ነበር
ውሃው ሲወስደው፣ ሸራ ጫማው ብቻ ሲቀር ከአሞራ ገደል ዳር።
እናቴ መረብ ስትጠግን «ማስረሻ!» ብላ ስትጣራ፣
አንደበቷ ወደ እኔ ነው፣ ዓይኗ ግን ከውሃው ጋራ።
ሊያስረሳ የወጣልኝ ስም
በተጠራ ቁጥር ያስታውሳል፤
አንድም ቀን ሥራውን አልሠራም።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት አራስ ልጅ ታቅፋ መጣች፤
ባለፈው ጳጉሜ በቀኙ መዝገብ ያስጻፈች፣
አውቃታለሁ፣ እሷው ነች።
«የልጁ ስም?»
«ማስረሻ።»
እስክሪብቶዬ ቆመ።
ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ በከንፈሯ አነበበች፤
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ያስረሳል?» አለች።

ውጭ ባጃጅ ጮኸ። አንድ አባ ኮዳ ከቆርቆሮው ላይ ተነሣ።
«አያስረሳም» አልኳት።
«ስትጠሪው ግን አቤት ይላል።»
የልጁን ካልሲ ሳብ አድርጋ አስተካከለች። ቆየች።
«እንግዲያው ይጻፍ» አለች።

ጻፍኩት።
«ስ» ላይ ስደርስ ቀለሙ ሳሳ፤
ደግሜ አደመቅኩት።