ስንት ነፍስ ናችሁ?

ደላላው ከባጃጁ ሳይወርድ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
«ስንት ነፍስ ናችሁ?» ይለኛል፣
የአዳማ ነፋስ ድምፁን ወደ አስፋልቱ ሲገፋ።

«አንድ» እላለሁ።
አንዲት ሴት፣ እንጀራዋ መድኃኒት ቤት፣
አንድ አልጋ፣ አንድ ቡታጋዝ፣ ጠብ የሌላት ከጎረቤት።
የግሉኮስ ካርቶን አለ፣ ከእግሬ ሥር ተቀምጧል፤
ውስጡ ያለውን አልቆጥርም፤
እሱ ግን ካርቶኑን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ይፍቃል።

ስሙ ባለርስት ነው።
ወንድሜ ዲንቃ ነው ያወጣለት፣ የአይሱዙ ሹፌር፣
ከመተሐራ ሲመለስ ያገኘው፣ በሌሊት፣ ከአስፋልቱ ዳር፤
ጎማ ጀርባውን ሰንጥቆት፣ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣
ሞትን እንደ ዝናብ ሊያሳልፍ፣ ቁጭ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ አስቦ።
«አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ» አለና ደጄ ላይ ጥሎት ሄደ፤
ከራስ ምታት በቀር ምን አክሜ አውቃለሁ? እጄ ራደ።
ስንጥቁን በአዮዲን አጠብሁት፣ በጥርስ ሐኪም ሙጫ ገጠምሁት፤
ሙጫው ዛሬም ያብለጨልጫል፤ መብራት ሲጠፋ
ስንቱን ሌሊት በባትሪ በዚያ ምልክት አገኘሁት።

ፍራንኮ ስንኖር ውኃ በነፍስ ወከፍ ነበር።
እትዬ ወርቅያንስ ከሳፋ ሲጠጣ አዩትና፣
«ይኼም ይጠጣል፣ ይኼም ይከፍላል» አሉ፣ በማግስቱ መጡና።
አምስት ወር የሁለት ሰው ከፈልሁ።
እሱ በሳምንት አንዴ ነው የሚጠጣው፣ ያውም እያመነታ፤
በእሱ ድርሻ እሳቸው ምንጣፍ ያጥባሉ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ገንደ ጋራ ስንገባ የግንቡን ሥር ቆፈረ።
ኦቦ ጉርሜሳ ጮኹ፦ «መሠረቴ ተሰበረ!»
ጎንበስ ብለን አየን፣ እሳቸውም እኔም፤
ብሎኬቱ አፈር ላይ ነው የተቀመጠው፣ መሠረት የሚባል የለም።
ያን ምስጢር ላየ ተከራይ
የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ቀን ነው።

አሁን ያለሁበት፣ መብራት ኃይል፣ ውሉ ላይ ተጽፏል፦
«ውሻ፣ ዶሮ፣ በግ ክልክል ነው።» ስለ ድንጋይ ዝም ብሏል።
እኔም ድንጋይ ነው አልሁ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን አኖርሁት።
ሲፈን፣ የአከራዬ ልጅ፣ ገና አራት ዓመቷ፣
እየሮጠች ገባች፣ ማለችላት ለእናቷ፦
«ድንጋዩ ሰላጣ በላ!»
ቁልፉን መልሺ ተባልሁ፣ ከወሩ ደመወዝ በኋላ።

ሰው ይቀልዳል፦ «ታድሎ! ቤቱን አዝሎ የሚሄድ፣
ኪራይ የማይጨምሩበት!»
እስቃለሁ፣ ለልማድ።
ቤት አለው፣ እውነት ነው።
ያጣው ደጅ ነው።

ባለፈው እሑድ በጋሪ ወጣን፣ በሶደሬ መንገድ፣
ፈረሱ ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር ካርቶኑ ሲንገዳገድ።
ከችግኝ ጣቢያው ዘበኛ፣ ከአባ ቡልጉ፣ አለ ግራር፣ አለ ሣር፤
«ከእርስዎ ጋር ይሁን» የሚለውን ቃል
ስለማመድ ነው የደረስሁት፣ ከበሩ ዳር።
ሽማግሌው የጀርባውን ሙጫ በአውራ ጣት ዳበሱት።
«እቀበልሽ ነበር፣ ልጄ፤ ቦታው ለመጋዘን ተመርቷል፤
እስከ ክረምት ነው ያሉኝ።
እኔም ተከራይ ነኝ እኮ፣ አፌ ነው ‹ግቢዬ› ማለት የለመደ።»
ከበለስ አጥሩ አንድ ቅጠል ቆረጡ፣ እሾሁን በቢላ ጠረቡ፣
«ለመንገድ» አሉን፣ ሁለታችንንም እያዩ።
ስመለስ አላዘንሁም፣ ይኼ ነው የሚደንቀኝ፤
ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነበር፣
ክብደቱ ተመቸኝ።

ዛሬ ደላላው ደግሞ መጣ፣ ባጃጁ እየተንቀጠቀጠ።
«ስንት ነፍስ ናችሁ?»
«ሁለት» አልሁት።
ከኋላዬ ሰው ፈለገ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣
ዋጋ ለመጨመር አፉ ተዘጋጅቶ።
«ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ንገረኝ፦
ግቢው አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ?»

ሞተሩን አጠፋ።