ለማደጊያው

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ በሸራ ድንኳኔ
ሲንጀር ስረግጥ ነው ያለፈው ዘመኔ።
የስንቱ ሰው ቁመት በሜትሬ ላይ አልፏል፣
አንዳንዱ ረዝሟል፣ አንዳንዱም ወፍሯል።
ልጅ የመጣ እንደሆን ሕግ አለው መቀሴ፦
ሦስት ጣት እተዋለሁ፣ ሳልጠየቅ፣ ራሴ።
ከሱሪው ጫፍ አጥፌ እሰፋዋለሁ፣
ከርሞ ሲያድግ ይፈታል፤ ልጅነትን አውቃለሁ።

ፈንታነሽ ከአንገረብ ልጇን ይዛ መጣች፣
በረኪና በላጠው መዳፍ እየመራች።
"መዋዕለ ሕፃናት ሊገባልኝ ነው" አለች፣
ሰማያዊ ጨርቅ ከፌስታል አወጣች።
ስሙን ብጠይቀው "ይበልጣል" ነው አለኝ፣
ዕድሜውን እናቱ "አራት ሞላው" አለችኝ።
ሜትሬ ግን አላመነም፤ ቁጥሩን ቀነሰ፣
ከሁለት ዓመት ሕፃን ልክ ላይ ደረሰ።

"ትርፉን አብዛው ጋሼ፣ አምስት ጣት አድርገው፣
ልጅ አይደል? ይመዘዛል፤ አንድ ክረምት ነው።"
አምስት ጣት አጠፍኩኝ። የሱሪው ጫፍ ከበደ፣
ይበልጣል እየጎተተው፣ እየሳቀ ሄደ።

ሁለት ዓመት አለፈ።
ጤፍ አደገ፤ ዘይት አደገ፤ የቤት ኪራይ አደገ።
ሽንኩርት እንኳ፣ ያ ድንክ፣ እንደ ዋርካ አደገ።

ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናብ ሸራዬን ሲደበድብ፣
ሱሪውን በፌስታል ይዛ ተመልሳ መጣች።
"እህ፣ አጠረው?" ብዬ ምላጬን አነሣሁ፣
እጥፋቱን ልፈታ።
"የለም ጋሼ" አለች። "ጉልበቱ ነው ያለቀው።"

የሱሪውን ነው ያለችው።

ገለበጥኩት። ጉልበቱ ሳስቷል፣ መቀመጫው ሳስቷል፣
በአጠባ ብዛት ቀለሙ አመድ መስሏል።
ጫፉ ግን፣ እጥፋቱ፣ እኔ እንደሰፋሁት፣
አንድ ክር ሳይላላ፣ እንዳስቀመጥኩት።

ልጁ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ቆርኪ ይቆጥራል።
ስድስት ዓመቱ ነው፤ እግሩ መሬት አይነካም።
"እሱ እኮ ልብስ አያስገዛም" አለች፣ ሳልጠይቃት።
"ጫማውም ያው ነው፣ የካቻምናው።
ጎረቤቴ ትቀናብኛለች፤
የሷ ልጅ በየመስቀሉ ይጠበዋል።"
ሳቀች። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

ምን ይበላል ብዬ አልጠየቅኩም።
ጠዋት ሻይ ነው። ምሳው "ቆይ" የሚባል ምግብ ነው።
ማታ ሽሮ ያየው ውኃ፣
ከዚያም "እኔ በልቻለሁ" የምትለው እናት።
የጤና ሠራተኛዋ ቤቷ ድረስ መጥታ
ክንዱን ለክታ፣ ቁመቱን ለክታ፣
"እንቁላል ስጪው" ብላ ጽፋላት ሄደች።
ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ ነፋስ የሚገባበትን ሸፍኗል።

"ጋሼ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
"ከዚያ ከትርፉ ቆርጠህ ጉልበቱን ጣፍልኝ።
ጨርቁ አንድ ዓይነት ነው፤ አያስታውቅም።"

ፈታሁት። ስፌቱ ጭር እያለ ለቀቀ፣
ውስጡ ግን፣ ፀሐይ ያላየው፣ ሳሙና ያልደረሰበት፣
ያ የመጀመሪያው ቀን ሰማያዊ
እንዳለ ተኝቷል።
መቀስ በእጄ ይዞ የቆመ ሰው ብዙ አያስብም፤
ያሰበ እንደሆን ይስታል።
ቆረጥኩት።

ይበልጣል ለበሰና ቆመ።
ሁለት ጉልበቱ ላይ ሁለት አዲስ ጨርቅ፣
እየዳሰሰ ደስ አለው።
ጫፉ ሳይጎተት፣ ሳይሰቀል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዐረፈ።
"ልኩ ነው" አለች እናቱ።
አዎ፣ ልኩ ነው።

ሒሳብ አልተቀበልኩም፤ እሷም አልተከራከረች።
አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም፦
ከቆረጥኩት ላይ አንድ ጣት አስቀርቼ
ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፍቼዋለሁ።
ለማደጊያው ነው አልልም።
ሕግ ነው፣
የመቀሴ።