መቶ ሰባ ዘጠኝ

ካሰል፣ የካቲት ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ቁጥሬን ይዤ ቆየሁ፣ ሰሌዳውን ሳይ።
ከጎኔ አንድ ሶርያዊ ልጁን አቅፎ ያዛጋል፣
ማተሚያው ያጓራል፤ በሩ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል።

ወይዘሮ ብሪንክማን፣ መነጽሯን ሰክታ፣
ማህተሙን ቆጠረች በእርሳስ ጫፍ ነክታ።
ሕጉ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን ካለፈ
ካርዱ በኪስሽ እንዳለ ሞተ፣ እንደ ቅጠል ረገፈ።
ስሙ «ቋሚ ነዋሪ»፤ ግን ቋሚነት ይደንቃል፣
ካልጋ አጠገብ ቁጭ ካሉ፣ ቋሚው ራሱ ይወድቃል።

እኔም ደሞዝ አልባ ፈቃድ ከልብስ አጠባው ፈልጌ
ድሬዳዋ ተቀመጥኩ፣ ካባቴ ራስጌ።
የጣቢያ ጸሐፊ ነበር፣ ሰዓት አክባሪ ሰው፣
ባቡሩ ሲዘገይ፣ እሱን የሚያሳፍረው።
የካርዴን ነገር የሰማ ለታ
ካላንደር አሰቀለ፣ ካልጋው ፊት ለፊት ቦታ።
በየጧቱ በእርሳስ አንድ ቀን ይሰርዛል፣
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሩን ግን ይይዛል።
«ስንት ቀረሽ?» ይለኛል፣ ከመድኃኒቱ ቀድሞ፤
«ሃያ ሁለት» ስለው፣ «ሃያ አንድ!» ይላል፣ ያርመኛል ደግሞ።
«የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል፣ ልጄ፤
አንድም ባቡር ያመለጠው ሰው የለም በእጄ።»

ካሰል ደግሞ ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ ሄልጋ፣
ሲመሽ መብራቴን አብርታ፣ ታጠፋለች ሲነጋ፤
ፖስታዬን ትለቅማለች፣ ቤቴ ሰው ያለበት ይመስላል፤
ማህተም ግን ሞኝ አይደለም፣ መስኮት አይቶ መች ይታለላል።

በመቶ ሰባ ዘጠኝ «ተነሺ» አለ፣ «ሰዓቱ ነው»፤
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ስሄድ እንዳላየው።

ቅዳሜ ገባሁ ካሰል። ሰኞ ሌሊት ስልክ።
ያን ሳምንት የማላውቀው በሽተኛ አንሶላ አጠፍኩ፣ ልክ በልክ።

«ሁሉም ደህና ነው» አለች ብሪንክማን፣ ካርዴን መልሳ፣
ከዚያ፣ በበጎነት፣ አንድ ነገር አስታውሳ፦
«ቀድመሽ ብትጽፊልን፣ አባትሽ መታመሙን፣
እናራዝም ነበር የመመለሻሽን ቀን።
አንድ ገጽ ማመልከቻ ነው። ማንም አልነገረሽም?»
«ማንም» አልኩ። ሌላ ቃል በዚያ ቋንቋ አልመጣልኝም።

ትራም ውስጥ ስልኬን ስከፍት፣ እህቴ ይመኙሻል
ፎቶ ልካ አገኘሁ፦ «ይሄ ያንቺ ይመስላል።»
ከመቶ ሰባ ዘጠኝ ሥር፣ በዚያው በሚንቀጠቀጥ እጅ
አዲስ ቆጠራ ጀምሯል፤ ለመሄዴ አይደለም፣ ለመምጣቴ እንጂ።
አንድ ይላል። ሁለት ይላል።
ከሦስት ቦታ ላይ
የእርሳስ ነጥብ ብቻ ይታያል።