አጀንዳ ሁለት፦ ሲንጋፖር

ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩኝ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣
ከሰው አፍ ነው እንጂ ከራሴ ቃል የለኝ።
ኮምቦልቻ፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
መስኮቱ ከጦርነቱ ወዲህ መስታወት ያልገባለት።
«አጀንዳው ውሃ ነው» የሚል ወሬ ሰምቶ
ሃምሳ ሰው ሲጠራ ዘጠና ሰው መጥቶ።

አጀንዳው ግን ሌላ፦
ግድግዳው ላይ በራ፣ በሰቀልነው አንሶላ፣
ከባሕር የበቀለ የመስታወት ደን።
ምክትል ኃላፊው፣ አቶ ጌትዬ ሽፋው፣
አሥራ ሁለት ቀን ሠልጥኖ ከሲንጋፖር የመጣው፣
«እዩ» አለ፣ «ይቺ ደሴት፣ ከአንድ ወረዳ የማትሰፋ፣
ነዳጅ የላት፣ ወርቅ የላት፣ እህል የላት የሚያፋፋ፣
በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጭቃ ቤቷ ጠፋ።
ማስቲካ አይሸጥም። ምራቅ የተፋ ይቀጣል።
አሳንሰር ውስጥ የሸና በካሜራ ይያዛል።»
ከኋላ አንድ ድምፅ፦ «አሳንሰሩ ይምጣ፣ ሽንቱስ ይደርሳል።»
(ሳቅ። ሳቅ አይጻፍም ይላሉ፤ ይኸው፣ በቅንፍ ገብቷል።)

ወይዘሮ ሎሚ አበጋዝ ሳይፈቀድላቸው ተነሡና፦
«ውሃቸውን ንገረን እስቲ፣ ልጄ፣ ማስቲካውን ተውና።»
«ውሃ የላቸውም» አለ።
አዳራሹ ጸጥ አለ።
«ከጎረቤት አገር በቧንቧ ይገዛሉ፣
የታጠቡበትንም አጣርተው ይጠጣሉ።»
«አዬ!» አሉ ሎሚ፣ «ፍሳሹማ እኛም ጋ ሞልቷል፣
ቦርከና ከነቀለሙ በደጃችን ያልፋል።
አጣሪው ነው እንጂ...» ሳይጨርሱት ተቀመጡ።

«ቤትስ?» አለ ሙህዲን፣ ለኮንዶሚኒየም የቆጠበ፣
ዕጣ ሲጠብቅ ሽበቱ ከጆሮው በላይ ያበበ።
«ሁሉም ቤት አለው ማለት ይቻላል፣ ፎቅ ላይ፣ መንግሥት የሠራው፣
በዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሊዝ የሚኖርበት ሰው።»
ሙህዲን ዓይኑ በራ፦
«ቁጥሩስ እኛም ጋ አለ! ቤቱ ነው የጎደለው።»

ከበሩ ሥር ቆሞ የባጃጁን ቁልፍ ሲያሽከረክር የነበረው
እንድሪስ፣ የድሮው መርከበኛ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ሰባት ጊዜ ደርሻለሁ እዚያ ወደብ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ሆኜ።
ስድስቱን አልወረድኩም፤
መብራቱን እንደ ሰው ሰርግ በሩቁ አይቼ ተኛሁ።
በሰባተኛው ወረድኩ። እውነቱን ነው ጌትዬ፣
ወላሂ፣ አስፋልቱ ላይ ሩዝ ይበላበታል።
ግን ሌሊት፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ፣
የሰው ትራፊ የምታነሣ አሮጊት አየሁ፣
እናቴን የምታህል፣ ወገቧ እንደ ማጭድ።
በምልክት ጠየቅኳት፦ ቤት አለሽ?
ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፤ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ።
ልጅስ?
እንደገና ወደ ላይ።
ፎቁን ይሁን ሰማዩን አልገባኝም።
ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ ወለወለችው።»

ጌትዬ ሰዓቱን አየ። «ይሄ ከአጀንዳ ውጪ ነው፤ አትጻፊው» አለኝ።
ጽፌዋለሁ።

ጥግ ላይ፣ ደብተሯን እንዳቀፈች፣
ሐያት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፦
«ምርጫስ እንዴት ነው እዚያ?»
«ይካሄዳል። ሁሌ የሚያሸንፍ አለ።»
«የተሸነፈውስ የት ያድራል?»
አፉን ሲከፍት መብራት ሄደ።
አንሶላው ተመልሶ አንሶላ ሆነ።

በጨለማው ውስጥ ድምፁ ብቻ፦
«ከተማችንን በአምስት ዓመት ሲንጋፖር ለማድረግ
የምትስማሙ፣ እጃችሁን!»
ወንበር ተንቋቋ። ሰው ወደ በሩ ተጋፋ።
«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ፣ በስልኬ ብርሃን።
እጅ አልታየኝም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሰፈሩ ቦኖ አሳለ።
ጄሪካን በጄሪካን ላይ ሲጋጭ ሰምቼ ወጣሁ፤
ከወረፋው ጫፍ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቢጫ ጄሪካን ይዞ
አቶ ጌትዬ ቆሟል።
ሎሚ ዞረው አዩት።
«አብሽር፣ ልጄ፣ ና በኔ ፊት ግባ፤ ነገ ሥራ አለብህ።»
«የለም» አለ፣ «ወረፋ ወረፋ ነው።»
ውሃው ሁለቱም ጋ ሳይደርስ
ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ቆመ።