ግልባጭ

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ደሴ፣ መዝገብ ቤት፣
ሥራዬ ይኼ ነበር፦ ማኅተም መምታት፤
ክቡ ካልዞረበት፣ ቀለም ካልዳሰሰው፣
አልተወለደም ነው፣ አልሞተም ነው ሰው።

አሁን ቤቴ ጌንት ነው፣ ከቦዩ ማዶ ዳር፣
ትራም ሲታጠፍ ጥርሱን ሲያፋጭ 'ሚያድር።
ከበሬ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ጎደሊቭ አለች፣ ሰማንያዋን የማታሳይ።
ስሟ ለኔ ጆሮ ጎደሎ ቢመስልም፣
ከአንዲት ጣት በቀር የጎደላት የለም፤
እሷንም ፋብሪካው፣ የሽመናው መኪና፣
በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ወስዶባት ነውና።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የሾርባው ሳህን ሲነሣ፣
ጠረጴዛው ላይ ነው የወረቀት አበሳ፦
ነጠብጣብ ያለበት፣ የዓሣ ቅርፊት መሳይ፣
ከቸኮሌት ካርቶን የተላጠ ሰማይ፣
የግድግዳ ወረቀት፣ ከፈረሰ ቤት፣
ስስ፣ ብርሃን 'ሚያሳልፍ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ዓይነት።
በአራት ጣቷ ዳብሳ፣ «ይኼ ጥሩ ድር አለው፤
ይኼኛው ግን» ትላለች፣ «ማጉ የላላ ነው።»
ወረቀት ድር የለው ብዬ አልከራከርም፤
ፋብሪካው ሲዘጋ ጣቶቿ አልተዘጉም።

ማኅተሞቿ ደግሞ፦ እንጉዳይ፣ ቀንድ አውጣ፣
ጃንጥላ ይዞ ዝይ ከዝናብ ሲወጣ።
«እስቲ ምታ» አለችኝ፤ መታሁ እንደ ልማዴ፣
ጓ! ብርጭቆው ዘለለ። «ገደልከው፣ ዘመዴ!»
ብላ ሳቀች፤ ቀንድ አውጣው ተጨፍልቆ ቀርቷል፤
«ማኅተም አይመታም፣ ቀስ ብሎ ያርፋል።»

ገና ሲቃረብ፣ «በናንተ ፊደል ቅረጽልኝ» አለች፤
ላጲስና ምላጭ ፊቴ አስቀመጠች።
«እንኳን አደረሳችሁ» — ቀረጽኩ፣ ተጠበብኩ፣
የ«ኳ»ን እግር ስቆርጥ ትንፋሼን ዋጥ አረግኩ።
ደስ አላት። አርባ ካርድ በአንድ ሌሊት አተመች፣
ለሐኪሟ፣ ለሥጋ ሻጩ፣ ኦስተንድ ላለች እህቷ ላከች።

አንዱ ለኔ ሲደርስ አየሁት ጉዴን፣
ከቀኝ ወደ ግራ ሲሸሽ ፊደሌን።
ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ማኅተም ይዤ ስኖር
ፊቱን አላየሁም፤ አሻራውን ነበር።

በዚያው ሌሊት ሌላ ቀረጽኩ፣
ገልብጬ፣ በመስተዋት እያየሁ፤
ጠዋት ይዤላት ሄድኩ።
መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን አስተያየች።
«የተሳሳተውስ ይኼ አዲሱ ነው» አለች፤
«ያኛው ወደ እኔ ያዘነብላል፣
ይኼ ፊቱን አዞረብኝ።»

ምን ልበላት?
የደላንታው ኅሩይ ትዝ አለኝ፣
በብዙኃኑ «ኀ» ፋንታ በሐመሩ «ሐ»
ስሙ ተጽፎ ቢመጣ ሦስት ጊዜ የመለስኩት።
ባራተኛው አልመጣም።
የልጁ ልደት ነበር፣ ያልተመዘገበው።

ማታ ከሥራ ስመለስ
ሥጋ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከተንጠለጠለው ቋሊማ ጎን፣
የሷ ካርድ በፕላስተር ተለጥፏል፣
ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባለቤቱ።
መብራቱ ከኋላው ነው። ወረቀቱ ስስ ነው።
ዝናቡ ላይ ቆሜ፣ ከውጭ፣ ከጀርባው፣
ሳልንተባተብ አነበብኩት፦
እንኳን አደረሳችሁ።
«እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩ ለመስተዋቱ፤
ቢላ የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

ማክሰኞ አዲሱን ማኅተም ኪሴ ውስጥ ተውኩት።
አሮጌውን ቀለም አስነካሁ፤
አልመታሁም፤ አሳረፍኩት።

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጎደሊቭ፣
ለቀንድ አውጣው፣
ለደላንታው ኅሩይ፣
አድራሻው ላልታወቀ።