ኮሌታ

ሱቄ መኪና ግርግር ነው፣ ጁገል ውስጥ፣
ወደ ጊድር መጋላ ስትወርድ በቀኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ለካሁ በሜትር፤
ማን እንደ ወፈረ፣ ማን እንደ ከሳ፣
ማን ትንፋሹን ይዞ ሆዱን እንደሚያስር
እኔ ነኝ የማውቀው።
አፌ ግን ዝግ ነው፤
የልብስ ሰፊ አፍ ስፒል ነክሶ ነው የሚውለው።

የራሴን ግን ሳልለካ ኖርኩ።
የላይኛው ቁልፍ አልዘጋ ሲለኝ
ጨርቁን ሰደብኩ፣
«የዛሬ ፖፕሊን ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» አልኩ፣
ሳሙናውን ከሰስኩ፣
ቁልፉን ወደ ዳር አዛወርኩ፣
ደግሜ አዛወርኩ፣
በመጨረሻ ቆርጬ ጣልኩት፤
ክፍት ኮሌታ ፋሽን ነው ብዬ
ለደንበኞቼም ሰበክኩት።

የእህቴ ልጅ ኒካህ ሲቃረብ
ለማጁ ሚፍታህ፣ «አው ረምዚ፣ ዛሬስ ተራው የእርስዎ ነው» ብሎ
ሜትሩን አንገቴ ላይ አዞረ።
አርባ ሦስት ሊል ከንፈሩን ከፈተና
ዝም አለ፤ ጣቱ እዚያው ቀረ።
«እስቲ ምራቅዎን ይዋጡ… እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፤
ሲውጡ ይወጣል፣ ይወርዳል።»
ነካሁት።
ከቆዳዬ ሥር የተሰፋ ቁልፍ፣
እኔ ያልሰፋሁት።

ሕይወት ፋና ሄድኩ።
ቀዝቃዛ ቅባት አንገቴ ላይ፣
ግራጫ ጥላ መስታወት ላይ፣
ከዚያ መርፌ።
ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ሳዝዝ ኖሬ
ያን ቀን መርፌ አዘዘኝ፤ «አይዋጡ፣ አይናገሩ።»
ጨርቅ እንዲህ ነው ለካ የሚሰማው።

ውጤቱ እስኪመጣ ዐሥራ አንድ ቀን።
ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤
አንዱ ጨው ጎድሎት ነው፣ አንዱ ዓይን በልቶት፣
አንዱ ደግሞ ምንም አላለም፤
የሰጠኝን ጨርቅ መጥቶ ወሰደ።

«ቋጠሮው ክፉ አይደለም» አለች ዶክተር ሩሓማ።
ተነፈስኩ። ትንፋሼን ሳልጨርስ፣
«ስኳርዎ ግን…»
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!
ሲተረት ስስቅ ነው የኖርኩት፤
ተረቱ አንገቴን ፈልጎ መጣ።

ከመሳቢያዋ ሜትር አወጣች፤
ቢጫ፣ የእኔው ዓይነት፣ ጫፉ የተበላ።
ወገቤን ስታዞረው ሆዴን አሰርኩ፤
ያ ስንቱን ሰው የታዘብኩበት ተንኮል!
ሳቀች፣ ጠበቀችኝ።
ትንፋሽ መቼም ያልቃል፤
መቶ ዐሥራ ሁለት።

«ወገብና አንገትን ምን አገናኛቸው?» አልኳት።
«አንዱ አንዱን ወልዶት እንደሁ ገና ቁርጡ አልታወቀም።
ብቻ ሆድ ሲከብድ፣ ኢንሱሊን ሲጮህ ሰውነት አልሰማ ሲለው፣
እንዲህ ያለ ቋጠሮም አንገት ላይ ይበዛል ይላሉ የሚያጠኑት።»

ስወጣ ጁገልን አሰብኩ፦
ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ ይኖራል፤
የዚያኛው ጣሪያ ሲያፈስ
የዚህኛው ኖራ ይላጣል።
ማን ጀመረው የሚለው ለዳኛ ነው፤
የሚኖርበት ሰው መሰላል ይፈልጋል።

ሱቄ ጠበቀችኝ፤
አራት ማንኪያ ስኳር የለመደው ብርጭቆ፣
ሙሸበክ የተጠቀለለበት ወረቀት፣
ፔዳሉ።
እግሬ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ላይ ሮጦ
የትም አልደረሰም።
አሁን ከዐስር ሰዓት በኋላ ከፈላና በር ተነስቼ
ግንቡን በውጭ እዞራለሁ፤
እስከ ሸዋ በር ሁለቴ አርፋለሁ፣
አንዱ ለጉልበቴ፣ አንዱ ለሐሜት።

ሚፍታህ ጨርቁን ዘርግቶ፣ ጠመኔ ይዞ፣
«በስንት ልቁረጠው?»
«አንገቱን እንዳለ፣ በአርባ ሦስት።
በየስድስት ወሩ ይታያል ተብሏል፣ አብሮኝ ነው እንግዲህ።
ወገቡን ግን አትስፋው፤
ለጊዜው በክር ብቻ ያዘው።»

መዝገቡን ገለጥኩ፤
ከደንበኞቼ መሐል፣
ቀብድ ሳይከፍሉ ከሄዱት ሥር፣
ስሜን ጻፍኩ።